አድሚን ቤት ሽማግሌ ይዤ የሄድኩ ዕለት

እኔ እንኳን ከግሩፕ፣ ከታክሲ ሰልፍም ወጥቼ አላውቅም። የካ አባዶ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆንኩ ወዲያው ይገባዋል። መገናኛ ላይ ዝናብ ሲጀምር ግማሹ ሰልፈኛ ወደ በረንዳ ይሸሻል፤ ግማሹ "ቆሜ ከምበሰብስ እየሄድኩ ልበስብስ" ብሎ በእግሩ ይነካዋል። እኔ እቆማለሁ። ባለቤቴ ግትር ትለኛለች፤ እኔ ቆራጥ ነኝ እላለሁ። ልዩነቱ የሚታወቀው ታክሲው ሲመጣ ነው። ካልመጣ እሷ ትክክል ናት።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ያን ሰሞን ነባር አባላት ከግሩፓችን አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ሲወጡ እኔ ምን ይዞኝ እንደቀረሁ እንድትረዱልኝ ነው። ግሩፑ "የእንጦጦ ነፋስ" ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ያለ የፖለቲካ መወያያ ነው። በዚያ ዘመን ፖለቲካ ታክሲ ውስጥ አይወራም፤ ከኋላ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አይታወቅማ። መሥሪያ ቤትም አይወራም፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ማን እንደሆነ ይታወቃላ። ስለዚህ አንገታችንን ስልካችን ላይ ደፍተን እዚያ እናወራ ነበር። ኔትወርክ ሲኖር መንግሥትን እንወቅሳለን፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቆይተን እንመለስና ስለጠፋው ኔትወርክ እንወቅሳለን።

በስሙ የሚጽፍ የለም። የእኔ ስም "ፍሬን የለሽ" ነበር። ይህን ስም ያወጣሁት አለቃዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ገና ይቅርታ መጠየቅ የምጀምር ሰው ስለሆንኩ ነው። ግን ስቄ የማወራው እውነት አለ፦ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንገባ የማውቀው ጎረቤት አልነበረኝም። ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ፣ ዕድሜዬን በሰልፍ የምጨርስ ሰው ነኝ። የእኔ ሠፈር ያ ግሩፕ ነበር። እዚያ ስገባ "ኧረ ፍሬን የለሽ መጣ!" የሚል ሰው አለ። ቤቴ ስገባ "ዳቦ ይዘሃል?" ነው የምባለው።

ታዲያ አንድ ቀን የመጀመሪያው አድሚን "ደከመኝ" ብሎ ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ያየነው እዚያ ግሩፕ ላይ ብቻ ስለሆነ ደስታችን ልክ አልነበረውም። አጨብጭበን ሳንጨርስ አዲሱ አድሚን ደንብ አወጣ። ይህ አድሚን "ንስር ዓይን" ይባላል። ስድብ ክልክል ነው አለ፤ አጨበጨብን። ዘር መንካት ክልክል ነው አለ፤ አሁንም አጨበጨብን። ቀጥሎ ከርዕስ መውጣት ክልክል ነው ሲል እጃችን አየር ላይ ቀረ። እኛ እኮ ለሰላምታ ብቻ ልጁን፣ ከብቱን፣ አማቱንና የክረምቱን ሁኔታ ጠይቀን የምንጨርስ ሕዝብ ነን። ከርዕስ ካልወጣን በየት በኩል ወደ ርዕስ እንገባለን?

መጀመሪያ የሄደችው መገናኛ አትክልት የምትነግድ ሴት ናት። ሰው ስለ ርዕዮተ ዓለም ሲነታረክ እሷ መጥታ "ሽንኩርት ጨምሯል" ብላ ትሄዳለች። ከክርክሩ ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ነው። ተሰረዘ፤ ወጣች። ቀጥሎ የሄዱት "ዋርካ" ነበሩ። ዋርካ በየጠዋቱ "እንደምን አደራችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ በቀር የሚጽፉት እምብዛም የለም። ይህም "ከርዕስ ውጪ" ተብሎ ተሰረዘ። በማግስቱ ዋርካ የሉም።

የእኔ ተራ የመጣው ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ነው። ንስር ዓይን "የለውጥ ኃይሎች ወቅታዊ ተግዳሮቶች" የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። ጣቴን ወደ ላይ ብገፋ፣ ብገፋ አያልቅም። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ፣ እኔ በሩ ጋ ደርሼ፣ ጽሑፉ ገና መግቢያው ላይ ነው። ስለዚህ በቅንነት "ጽሑፉ ረዘመ፤ ታክሲዬ ደረሰች" ብዬ ጻፍኩና ገባሁ። ስወርድ ኮመንቴ የለችም። በቦታዋ "ትግሉን የሚያሳንስ ስለሆነ ተሰርዟል" ተብሏል።

ምን አሳነስኩ? የረዘመው እኮ ጽሑፉ ነው! "ለምን ተሰረዘ?" ብዬ ጠየቅሁ፤ ጥያቄዬ ተሰረዘ። "ጥያቄዬ ለምን ተሰረዘ?" አልኩ፤ ለጊዜው እንዳልጽፍ ታገድኩ። ያን ዕለት ማልኩ። ያቺን ኮመንት ቦታዋ ላይ ሳላስመልስ ከዚህ ግሩፕ ንቅንቅ አልልም! ባለቤቴ "ስለምንድን ነው የምትለው ኮመንቷ?" አለችኝ። ስለ ታክሲ ነው አልኳት። አየችኝና "እራትህ ቀርቧል" አለች።

በእሑዱ ምክር ፍለጋ እንጦጦ ወጣሁ። ዋርካ ማለት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከራጉኤል ቁልቁል ባለች ጓሮ ድንች የሚኮተኩቱ። አንድ ዓመት ለራጉኤል ንግሥ ወጥቼ ከአጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ የማያውቁትን ሰው ሁሉ "እንደምን አደራችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ሲሉ ሰምቼ ነው ያወቅኋቸው። ቤታቸው ስደርስ ትንፋሽ አጥቼ ድንጋይ ላይ ተዘረጋሁ። እሳቸው ኩትኳታቸውን አላቆሙም።

"ጋሼ፣ በአንዲት ስረዛ እንዲህ ይወጣል? እርስዎን የመሰለ ነባር አባል!"

"መሰረዙስ ይሁን" አሉ። "ከዕድር አንድ ለቅሶ ብቀር እኮ እኔ ራሴ የሞትኩ መስሏቸው ድንኳን ተሸክመው ነው የሚመጡት። ከዚያ ቤት ግን ስወጣ፣ ያን ሁሉ ዓመት እንደምን አደራችሁ ያልኩት ሕዝብ፣ አንድ ሰው እንኳ 'ያ ሽማግሌ የት ጠፋ' አላለም። ሰው የሚወጣው ስለተሰረዘ አይደለም ልጄ። ተሰርዞ ሳለ ምንም እንዳልጎደለ ሲያይ ነው።"

"እኔ ይኸው መጣሁ አይደል?"

"አንተማ የመጣኸው ለኮመንትህ ነው" አሉና አንድ ድንች አራገፉ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ወደ ቤት ስመለስ ከንስር ዓይን መልእክት ደርሶኛል፦ "ግለ ሂስ ካቀረቡ እገዳው ይነሳል።" አያችሁ መቼም! መሥሪያ ቤት በግምገማ አሳራችንን አይተን፣ ጥፋታችንን በየተራ ተናዝዘን፣ ያን ሸሽተን ነው እኮ እዚህ የተሰበሰብነው። የምንቃወመው መንግሥት ምግባሩን ሁሉ በኪሳችን አስይዞ ነው ለካ የላከን። ግን ኮመንቷን ካስመለሰልኝ ምን ገዶኝ? ግለ ሂስ ለእኔ አዲስ አይደለም። መሥሪያ ቤት በየግምገማው የማነባት፣ ተፈትና ያለፈች ግለ ሂስ አለችኝ። ንስር ዓይን ለዚሁ ብቻ በሩን ሲከፍትልኝ ከስልኬ ፈልጌ አወጣኋትና ሳላነብ ለጠፍኳት።

"የአመለካከት ችግር ነበረብኝ" ትላለች። "የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌም ይታይብኛል። በቀጣይ ከልማታዊ ኃይሎች ጎን ተሰልፌ ክፍተቴን እሞላለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። "ካድሬ!" አለ አንዱ። "ካድሬ!" አለ ሁለተኛው። "እኔ ድሮም ጠርጥሬው ነበር" አለ በዚያው ሳምንት የገባ አንድ አባል። ወዲያው ለዘለዓለም ታገድኩ። መሥሪያ ቤት በተቃዋሚነት የምጠረጠር ሰው፣ ከተቃዋሚዎች በካድሬነት ተባረርኩ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ንስር ዓይንን በአካል አግኝቼ ዓይን ለዓይን እንነጋገራለን አልኩ። ግን ማን ነው? የት ነው? ሁሉን ያውቃል የሚባለው ደህንነት እንኳ ያላወቀውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ያመጣችው ባለቤቴ ናት። ሲግናል ሠፈር አንድ ፀጉር ቤት ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ከጎኗ የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ካስኩ ስለሚጮህ ደግሞ መልሳ ከፍ አድርጋ፣ "ፍሬን የለሽ የሚባል አንድ አስቸጋሪ አዛውንት ነበር፤ አባረርኩት" ስትል ሰማች። ፀጉር ሠሪዋን ስትጠይቅ፣ ቤቷ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር ነው።

"ሴት ናት?" አልኩ።

"ሴት ናት። ያላገባች፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ ደርባባ ልጅ።"

"አዛውንት ነው ያለችኝ?"

"አዛውንት" አለች ባለቤቴ፣ ቃሉን ሳታለሳልስ። ከእገዳው ይልቅ ይህ አቃጠለኝ።

ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ። "እንግዲህ የተጣላ ሰው በአገራችን ወግ ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል" አሉ። እሺ፤ አንዱ ሽማግሌ ራሳቸው ሆኑ። ሁለተኛው ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ወንድም ጌታሁን ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ጎረቤት ሆኖ ገና ደረጃ ላይ ከመገናኘታችን በፊት ጸሎቱን በጣራዬ በኩል አውቀው ነበር። ሦስተኛ ጠፋ። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ካልሆነ ወግ አይሆንም። ስለዚህ ሦስተኛው ራሴ ልሁን አልኩ። ባለጉዳይ ራሱን ሽማግሌ አድርጎ ሲልክ በእኔ ሳይጀመር አልቀረም።

ጋሽ ታደሰ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከእንጦጦ ወረዱ። ወንድም ጌታሁን ሙሉ ሱፍ ከነከረባቱ ለብሷል። እኔ ያለኝ ደህና ልብስ የሠርጌ ኮት ብቻ ስለሆነ እሱን ለበስኩ፤ ቁልፉ ከድሮ ሆዴ ጋር ነበር የሚተዋወቀው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

"እንዲህ ለብሰህ፣ ሽማግሌ ይዘህ፣ ያላገባች ልጅ ቤት ስትሄድ ሰው ምን ይላል? አስበህበታል?"

"ፍትሕ ፈላጊ ነው ይላል!" ብያት ወረድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማያዊውን በር አንኳኳን። እናትየው ወይዘሮ አስካለ ከፈቱ። ጋቢውን አዩ፤ ከረባቱን አዩ፤ ኮቴን አዩ። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ።

"ግቡ! ኧረ ግቡ! ተቀመጡ!"

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን ተክለው። "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ወይዘሮ አስካለ ወደ ጓዳ ሮጡ። "አንቺ ማህሌት! ያንን ቀዩን ቀሚስ ልበሺ! ዝም ብለሽ ልበሺ አልኩሽ!" ሲሉ ይሰማናል። ወንድም ጌታሁን ወደ እኔ ዞሮ ሊናገር ፈለገና ተወው። ሴትየዋ ተመልሰው መጡ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"የማን ልጅ ነው?" አሉ።

"ይኸው፣ አብሮን ቆሟል" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ወይዘሮ አስካለ ከጫማዬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝና ራሰ በራዬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "እሱ ራሱ?"

"እሱ ራሱ። ከልጅዎ ጋር በኢንተርኔት ለዓመታት ሲጻጻፍ የኖረ ነው። አሁን ግን ያለ በቂ ምክንያት አባራዋለች። እንድትመልሰው ነው አመጣጣችን።"

"ለዓመታት! እኔ ሳላውቅ!"

ወንድም ጌታሁን ነገሩ ያኔ ገባው። መልካም ሰው ነው፤ ሊያስተካክል ብሎ "የለም እናቴ፣ እንደሱ አይደለም፤ ይህ ሰው እኮ ባለትዳር ነው፤ የልጆች አባት ነው" አለ።

"ባለትዳር!" አሉ ወይዘሮ አስካለና መጥረጊያው ወዳለበት ጥግ አመሩ።

ይህኔ እኔ ራሴ ካልተናገርኩ ዓላማዬ ሊከሽፍ ነው አልኩ። ደረቴን ነፍቼ፣ ጓዳው ድረስ እንዲሰማ አድርጌ "እሜቴ! እኔ ፍሬን የለሽ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። በዚህ ሁሉም ነገር ግልጽ የሚሆን መስሎኝ ነበር። መጥረጊያው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ሁለተኛው ሳያርፍ የጓዳው በር ተከፈተ። ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ስልክ የያዘች ልጅ ወጣች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። እናቷን አላየችም፤ እኛን ሦስታችንን ነው የምታየው።

"ምንም አታገኙም" አለች። "አጥፍቼዋለሁ።"

"ምኑን?" አልኩ።

"ሁሉንም። ግሩፑን። አሁን።"

ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ያሉት ጋሽ ታደሰ ተቀመጡ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የተገለጠው። ለማህሌት እኔ የተጋለጥኩ ካድሬ ነኝ። ካድሬው አድራሻዋን አግኝቶ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ ሳሎኗ ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ስሙን ሲጮህ ሰማች። ሌላ ምን ትጠርጥር? ጣቷን ጫነችው። የስንት ሰው የስንት ዓመት ወሬ፣ የነጋዴዋ ሽንኩርት፣ የጋሽ ታደሰ ከደንቡ በፊት የነበሩ ሰላምታዎች ሁሉ ሄዱ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ ይህም የሚታፈስ አልነበረም።

"ይመለሳል?" አልኳት።

"አይመለስም።"

አንዲት ኮመንት ላስመልስ መጥቼ ሠፈሬን አፈረስኩ። ይህን ስል ለማሳቅ አይደለም፤ በእውነት አዘንኩ።

"እርስዎ ጽፈው ከታክሲው ይወርዳሉ" አለችኝ እሷም እንባዋን እየጠረገች። "እኔ ግን የማድረው እዚህ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ቢጽፍ የሚመጡት እኔ ጋ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር እኔ ማን ምን ጻፈ ብዬ ግሩፑን ነው የማየው። ስለዚህ ያልገባኝን ሁሉ እሰርዛለሁ።"

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ንስር ዓይን ማለት ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ ሰው የሚሰርዝ ጎልማሳ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ ልጅ አይመስለኝም ነበር።

"'እንደምን አደራችሁ'ስ ያልገባሽ ምኑ ነው?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ማህሌት ቀና አለች። "ዋርካ… እርስዎ ነዎት? በየቀኑ፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ያው አንድ ቃል! የሆነ የምሥጢር ምልክት መስሎኝ እኮ ነው።"

"እንደምን አደራችሁ ማለት፣ እንደምን አደራችሁ ማለት ነው ልጄ።"

ወይዘሮ አስካለ እስካሁን መጥረጊያውን አልለቀቁም። አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እኛን ያያሉ። መጀመሪያ ወደ ልጃቸው ዞሩና "አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚሉት አንቺን ነው!" አሉ። ቀጥሎ ወደ እኛ ዞሩ። "ለኮመንት ነው? ሦስት ሽማግሌ የመጣው ለኮመንት ነው? ለልጄ እኮ አንድ እንኳ መጥቶ አያውቅም!" ብለው እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። የዚያን ቀን ከሁላችን የባሰ የተጎዱት እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። ወንድም ጌታሁን ለማህሌት ትዳር ረጅም ጸሎት አደረገ። ያንን ጸሎት ማንም ረዘመ አላለም።

በማግስቱ እሑድ ባለቤቴ ስትስቅ ዋለች፤ እኔ አፌን የከፈትኩት ሰኞ ጠዋት ነው። የካ አባዶ ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄ በልማዱ ስልኬን አወጣ፤ ጣቴ ግሩፑ የነበረበት ቦታ ሄደና የሚነካው አጣ። ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚታየኝ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ረጅም ሰልፍ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታደሰ ናቸው። በስልክ ደውለውልኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ።

"እንደምን አደርክ?" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?"

"ምንም። ትናንት ድምፅህ ጠፋብኝ፤ የት ገባ ብዬ ነው።"

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያማ ጀመርኩ። አገሪቱ ወዴት እየሄደች እንደሆነ፣ ሰው ለምን ከማኅበር እንደሚወጣ፣ ግምገማ እንዴት ደማችን ውስጥ እንደገባ፣ ማህሌትን ማን ቢያገባት እንደሚሻል አንድ በአንድ አብራራሁላቸው። ከፊቴና ከኋላዬ የቆመው ሰው ጆሮውን አሹሎ ይሰማኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድ አልሰጠኝም። ዋናው ሐሳቤ ላይ ልደርስ ስል ጋሽ ታደሰ አቋረጡኝ።

"ልጄ፣ ወሬህ ረዘመ። ታክሲዬ ደረሰች" አሉና ዘጉት።

ስልኬን ገልብጬ አየሁት። ይህችን ኮመንት የምሰርዝበት ቦታ ብፈልግ፣ ብፈልግ የለውም። መልሼ ደወልኩ።